በሰሜን ሸዋ መንገዶች የተሳቢ ጭነት ሚዛን

የተሳቢ ጭነት ሚዛን የሚባለው የዕቃው ክብደት ተሳቢው ከሚጎትተው መኪና ጋር በሚያያዝበት መንጠቆና ጎማዎቹን በሚይዙት ዘንጎች (አክስሎች) ላይ፣ እንዲሁም በግራና በቀኝ የሚከፋፈልበት አኳኋን ነው። በሰሜን ሸዋ ጉዳዩን ከባድ የሚያደርገው መሬቱ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና በደብረ ሲና በኩል 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት ተሳቢ እየጎተተ በጤና የሚመላለስ ሹፌር በየትኛውም አገር መንገድ አያፍርም።

ከመኪና በፊት በአንኮበርና በአልዩ አምባ በኩል ጨው በበቅሎና በግመል ይጓጓዝ ነበር፤ ጭነቱም በግራና በቀኝ እኩል ይታሰር ነበር። የመኪናው ዘመን በስፋት የገባው በጣሊያን ወረራ ወቅት (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ወራሪው ጦር ስንቅና ትጥቅ ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ለማመላለስ መንገዱን ሠራ፤ የጣርማ በርን ተራራ ሰንጥቆም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ዋሻ አወጣ። ዋሻው እስከ ዛሬ በሙሶሊኒ ስም ይጠራል፤ ዳሩ ግን ድንጋዩን ከፈለጡት መካከል ብዙ የአገር ልጆች እንደነበሩ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ መስመሩን ለረጅም ጊዜ አገልግሏል።

በሰንጋው የታወቀው ጅሩ ስንዴና ጤፍም በብዛት ያመርታል። እህሉ በትራክተር ሲጓጓዝ ብዙውን ጊዜ የሚጎተተው ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ስለሆነ የክብደቱ ከፊል በትራክተሩ መንጠቆ ላይ ያርፋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ መንጠቆውን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የትራክተሩ የኋላ ጎማ መሬት መጨበጡን ይቀንሳል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ይቀልሉና መሪው አልታዘዝ ይላል።

በቀላል መኪና ለሚጎተት አነስተኛ ተሳቢ አሜሪካውያን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በመንጠቆው ላይ ይረፍ ይላሉ፤ አውሮፓውያን ከዚያ ያነሰ ይበቃል ባዮች ናቸው። ያም ሆነ ይህ፣ ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ነዳጅ መስጫውን መልቀቅና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ መሪ ማጠማዘዝም ሆነ የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ አይበጅም።

ፊትና ኋላ አክስል ያለው ሙሉ ተሳቢ በመንጠቆው ላይ ይህ ነው የሚባል ክብደት አያሳርፍም። በእርሱ ላይ ዋናው ጥያቄ በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍፍል ነው። ባዶ መኪና የተጫነ ተሳቢ ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ መኪናውን ሊያጣጥፈው ይችላል። ስለዚህ የጭነቱ ከፊል ደብረ ብርሃን የሚራገፍ ከሆነ ቅድሚያ የሚራገፈው ተሳቢው ነው። ፊቱ በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ የሚያርፈው ከፊል ተሳቢ ግን ሌላ ነው፤ የፊቱ ጭነት ብቻ ከተራገፈ ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው የጎታቹ ጎማዎች ስለሚቀልሉ በጣርማ በር ጉምና ዝናብ ዳገቱ ላይ ይሽከረከራሉ።

የጭነቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ከለሚ ፋብሪካ የሚነሳው ሲሚንቶ ከባድ ቢሆንም ዝቅ ብሎ ይጫናል። ጭድ ግን ቀላል ሆኖ ሳለ ሽቅብ ስለሚቆለል ዋሻው አካባቢ የጎን ነፋስ ያገኘዋል፤ ገመዱ ከመታጠፊያዎቹ በፊት እንደገና መጥበቅ አለበት።