«ጨካኝ ስለሆነች ነው» ከማለታችን በፊት

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ ልጅ በወላጁ ክፉኛ ተመታ ሲባል ወዲያው የሚወረወሩ አባባሎች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

«ልጁን እንዲህ የሚጎዳ አረመኔ ብቻ ነው።»
አረመኔ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ግን ልጁን የሚወድ፣ አቅሙ ያለቀበት ወላጅ ነው። እንቅልፍ የለም፣ የቤት ኪራይ ደርሷል፣ የሚያግዝ ሰው የለም። ጭንቀት ሲበዛ የልጅ ጥፋት ሁሉ ንቀት ይመስላል። ይህን ማወቅ ግን ጥፋቱን አያቀለውም። በርበሬ የታጠነ ልጅ ምክንያቱ ምንም ይሁን ተጎድቷል።

«ድህነት ነው።»
አብዛኛው ድሃ ወላጅ ልጁን አይጎዳም። ችግር አደጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ብቸኝነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባች እናት ያጣችው ቤት ብቻ አይደለም። ልጇን ለአንድ ሰዓት የሚይዙላትን አያት፣ አክስትና ጎረቤትም አጥታለች።

«አራስ ሳለች ሰው ከቧት ነበር፤ ምን ጎደላት?»
እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ገንፎውም አጥሚቱም፣ ጠያቂውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበዛል። የህጻን ለቅሶ ግን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይበረታል። ይህ የወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሳበት 40ኛ ቀን ጋር ይቀራረባል። ጠያቂው ሲሳሳ ለቅሶው ይከፋል ማለት ነው። ህጻን በንዴት ከተነቀነቀ አንጎሉ ሊደማ፣ ሊሞትም ይችላል። ትዕግስትሽ ካለቀ በጀርባው አስተኝተሽው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ። ሰው ጥሪ። ይህ ልጅን መተው አይደለም። ሐዘኑና ድካሙ ሳምንታት ካለፈው ደግሞ የወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ጤና ጣቢያ ንገሪ።

«ተመትቶ ያደገ መምታቱ አይቀርም።»
አደጋው ይጨምራል እንጂ አብዛኞቹ አይደግሙትም።

«የሰው ቤት ነው፣ ምን አገባኝ?»
ያገባናል፤ ከውጭ የሚመጣ እገዛ ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ኤልማይራ ከተማ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነርሶች እርጉዞችንና ወላዶችን ቤታቸው እየሄዱ ይደግፉ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በተጎበኙት ቤተሰቦች የተረጋገጠ የልጅ ጥቃትና ቸልተኝነት ካልተጎበኙት በግማሽ ገደማ ያንስ ነበር። እኛ ጋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል። እድራችንም ለለቅሶ ተራ ያወጣል፤ ለወላድም ማውጣት ይችላል። «አይዞሽ» ብቻ ሳይሆን «በገበያ ቀን ልጁን እኔ ልያዝልሽ» እንበል። ልጁ ላይ ቁስል ወይም ቃጠሎ ካየን ግን ሳንውል ሳናድር ለፖሊስ ወይም ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት እንናገር።