ባለ ሌየር ቴምፕሌት፦ የዲጂታል ስክራፕቡክ ጀማሪ መነሻ

ዲጂታል ስክራፕቡኪንግ ፎቶዎችን፣ ባለ ቀለም ወረቀቶችን፣ ጌጦችንና አጫጭር ማስታወሻዎችን በኮምፒውተር አቀናብሮ የትዝታ አልበም ገጽ የማዘጋጀት ሥራ ነው። መቀስና ሙጫ አያስፈልገውም፤ ወረቀቱም፣ ሪባኑም፣ የልብስ ቁልፉም ሥዕል ነው። ባለ ሌየር ቴምፕሌት ደግሞ የገጹ አቀማመጥ አስቀድሞ የተሠራበት ፋይል ነው። ፎቶ የሚገባበት፣ ወረቀት የሚነጠፍበት፣ ርዕስና ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ እያንዳንዱ በየራሱ ሌየር፣ ማለትም እርስ በርሱ ከሚደራረብ አሳላፊ ሽፋን በአንዱ ላይ፣ ተለይቶ ተቀምጧል። ፋይሉን መጀመሪያ የከፈተ ሰው የሚያየው ግን የተደራረቡ ግራጫ አራት ማዕዘኖችንና ክቦችን ብቻ ስለሆነ፣ የተበላሸ ነገር ያወረደ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የመለጠፊያ ደብተር ልማድ በአሜሪካ የቆየ ነው። ደራሲው ማርክ ትዌይን እ.ኤ.አ. በ1873 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ገጾቹ ሙጫ የተቀቡ፣ ውኃ ሲነካቸው የሚለጥፉ ደብተር ሠርቶ የፈጠራ ባለመብትነት አግኝቶበታል። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ግን ከዩታ ግዛት የመጣ ነው። ማሪየለን ክሪስተንሰን የተባሉ የስፓኒሽ ፎርክ ነዋሪ በ1980 ሶልት ሌክ ሲቲ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመዛግብት ጉባኤ ላይ ከ50 በላይ የቤተሰብ አልበሞቻቸውን አሳዩ፤ በቀጣዩ ዓመት ከባለቤታቸው ጋር የስክራፕቡክ ዕቃ መሸጫ ከፈቱ። በዚያ አካባቢ የሚበዙት የሞርሞን እምነት ተከታዮች የዘር ሐረግ መመዝገብን እንደ ሃይማኖታዊ ግዴታ ስለሚያዩት ሥራው ለም መሬት አገኘ። ወደ ኮምፒውተር ለመሸጋገር ደግሞ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ያስፈልግ ነበር፤ እሱም ሌየር ነው። ፎቶሾፕ የተባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በ1990 ሲወጣ ሌየር አልነበረውም፤ በሥዕል ላይ ሌላ ሥዕል ከለጠፉ የታችኛው ይጠፋ ነበር። በ1994 የወጣው 3ኛው እትም ሌየርን ሲያመጣ፣ በላይ የተቀመጠው የታችኛውን ሳይነካ እንዲነሳ፣ እንዲዞር፣ እንዲቀየር ሆነ። ዋጋው ቀለል ያለው ፎቶሾፕ ኤለመንትስ በ2001 ሲመጣ ይህ አቅም የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ቴምፕሌት ራሱ በወረቀት ሥራ ዘመን ከነበረው ንድፍ የተወለደ ነው። አልበም ሠሪዎች «ትልቁ ፎቶ እዚህ፣ ሁለት ትንንሽ እዚያ» የሚሉ የእርሳስ ንድፎችን ይለዋወጡ ነበር፤ ንድፉ ወደ ፋይል ሲገባ የሚከፈትና የሚሞላ ሆነ።

ጀማሪ ሲያወርድ ሁለት ዓይነት ፋይል ያጋጥመዋልና መለየቱ ይጠቅማል። አንደኛው ያለቀለት ገጽ ነው። ወረቀቱና ጌጡ በአንድ ሥዕል ተዋህደው ለፎቶ የሚሆን ክፍት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል፤ ፎቶው ከሥር ይገባና ሥራው ያልቃል። ፈጣን ነው፤ ግን ቀለሙን መቀየር፣ የማይወዱትን አበባ ማንሳት አይቻልም። ባለ ሌየሩ በተቃራኒው ምንም አልተወሰነበትም፤ ፎቶውም ከሥር ሳይሆን ከግራጫው ቅርጽ በላይ ነው የሚቀመጠው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው በዚህ ላይ ይደናገራል።

በሌየር ዝርዝሩ ላይ የላይኛው ስም በገጹ ላይ ከፊት የሚታየው ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ የሁሉ ምንጣፍ የሆነው ዳራ ነው። ጥሩ ቴምፕሌት ሠሪ ሌየሮቹን «ፎቶ 1»፣ «ወረቀት 3»፣ «ርዕስ» እያለ ይሰይማቸዋል። ስም የሌላቸው 30 ሌየሮች ያሉበት ፋይል ነፃ ቢሆንም ለጀማሪ አይመከርም፤ የትኛው ግራጫ የትኛው እንደሆነ እየፈለገ ምሽቱ ያልቅበታል።

የሥራው ልብ ክሊፒንግ ማስክ ነው። ይህን ያወቀ ቴምፕሌትን አወቀ ማለት ይቻላል። ክሊፒንግ ማስክ ማለት አንድ ሌየር ከሥሩ ያለውን ሌየር ቅርጽ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ከሥር ያለው ክብ ከሆነ ላዩ ያለው ፎቶ በክቡ ልክ ብቻ ይታያል፤ የተረፈው ይደበቃል እንጂ አይቆረጥም። በፎቶሾፕ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ያለችውን መስመር ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ የፎቶው ስም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ታበጃለች። ከዚያ በኋላ ፎቶውን ማንቀሳቀስ፣ ማሳነስ፣ ፊቱን መሀል ማምጣት ይቻላል፤ ክቡ ካለበት አይነቃነቅም።

አንድ የምርቃት ገጽ እንውሰድ። ቴምፕሌቱ ለ3 ፎቶ የተሠራ ነው፤ በግራ አንድ ትልቅ፣ በቀኝ ሁለት ትንንሽ። ትልቁ ቦታ ለካባና ቆብ ለለበሰችው ልጅ ይሆናል፤ ከትንንሾቹ አንዱ እናት አበባ ሲያስታቅፉ፣ ሌላው ጓደኞች ቆብ ወደ ላይ ሲወረውሩ ያሳያል። መጀመሪያ ጠቅ የሚደረገው ግራጫው ቅርጽ ነው፤ ምክንያቱም አዲስ የሚገባ ፎቶ ከተመረጠው ሌየር ልክ በላይ ያርፋል። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘለል ፎቶው ዝርዝሩ አናት ላይ ይወጣና የሌላ ጌጥ ቅርጽ ይይዛል፤ የልጅቱ ፊት በልብስ ቁልፍ ውስጥ ታይቶ ያስቃል። ቀጥሎ መጠኑ ከማዕዘኑ ተይዞ ይስተካከላል፤ ከጎን የተሳበ ፎቶ ሰውን ያወፍራል ወይም ያቀጥናል። ከዚያ ክሊፕ ይደረጋል። ወረቀቶቹም በዚሁ መንገድ በየግራጫው ላይ ይነጠፋሉ። ቀለሙን ለመምረጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከካባው ጥለት ወይም ከአበባው አንድ ሁለት ቀለም ወስዶ ወረቀቱን ከዚያ ጋር ማስማማት ገጹን ያረጋጋዋል። ፎቶው ከገባ በኋላ ግራጫው ቅርጽ አይሰረዝም፤ ቢሰረዝ ፎቶው መያዣ ያጣል። የፎቶው ጥላም የሚሰጠው ለዚሁ ግራጫ ቅርጽ ነው።

ስለ ጥላ ካነሳን፣ የዲጂታል ገጽ ጠፍጣፋ የሚመስለው ወይም የተጋነነ የሚሆነው በእሱ ነው። ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ መምጣት አለበት፤ ብዙዎች ከላይ በግራ አድርገው ጥላውን ወደ ታች በቀኝ ይጥሉታል። ወረቀት በወረቀት ላይ ሲያርፍ ጥላው ጠባብ ነው፤ ቁልፍና ሪባን ከፍ ስለሚሉ ሰፋና ለስለስ ያለ ይፈልጋሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ጥላ መስጠት የጀማሪ መታወቂያ ነው።

የተለመደው ገጽ 12 ኢንች በ12 ኢንች ነው፤ 30 ሳንቲሜትር ከግማሽ ገደማ። ለኅትመት የሚፈለገው ጥራት በኢንች 300 ፒክሰል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ስለሆነ የቴምፕሌቱ ጎን 3600 ፒክሰል ይሆናል፤ በጠቅላላው 13 ሚሊዮን ፒክሰል ገደማ። ይህ ቁጥር ደረቅ ቢመስልም የእኛን ቤት የሚያንኳኳ ጉዳይ ነው። የቤተሰብ ፎቶ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዱባይ ደሴ የሚደርሰው በአብዛኛው በቴሌግራምና በመሰል መተግበሪያዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልኩ ያሳንሱታል። ረጅም ጎኑ 1280 ፒክሰል ሆኖ የደረሰ ፎቶ በ300 ጥራት ሲታተም 11 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በስልክ ስክሪን ላይ ያማረው የአያት ፎቶ በትልቁ ቦታ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። መፍትሔው ላኪው ፎቶውን እንደ ፋይል እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ ካልተቻለ ትንንሽ የፎቶ ቦታዎች የበዙበትን ቴምፕሌት መምረጥ።

ወረቀቶቹና ጌጦቹ አንድ ላይ የሚሸጡበት ጥቅል ኪት ይባላል። ወረቀቶቹ ብዙውን ጊዜ ጄፔግ የሚባለው የሥዕል ፋይል ዓይነት ናቸው፤ ጌጦቹ ዳራቸው የሚያሳልፍ እንዲሆን ፒኤንጂ የሚባለው ዓይነት ይሆናሉ። በኪቱ ውስጥ ፊደሎችም አሉ፤ እያንዳንዱ እንደ ጨርቅ ወይም እንደ እንጨት ተደርጎ የተሣለ። እነዚህ የላቲን ናቸው። ለ26 ፊደል አንድ በአንድ መሣል ቀላል ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ መሠረታዊው ብቻ 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ በአማርኛ ርዕስ የሚፈልግ ሰው በጽሑፍ መሣሪያው መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሰናክላል። የቴምፕሌቱ የጽሑፍ ሌየር የተሠራበት ፎንት (የፊደል መልክ የያዘው ፋይል) ግዕዝ ስለማያውቅ «እንኳን ደስ አለሽ» ብለው ሲጽፉ ባዶ ሳጥኖች ሊደረደሩ ይችላሉ። ፎንቱን ወደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ መቀየር ይበቃል፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ሁለተኛው፣ የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከተሠሩ ፎንቶች የተቀዳ ጽሑፍ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። ለርዕስ ያህል እንደገና መጻፍ ይቀላል።

ደግነቱ ያው ክሊፒንግ ማስክ እዚህም ይደርሳል። የጽሑፍ ሌየር እንደ ማንኛውም ቅርጽ መያዣ መሆን ይችላል። ርዕሱን በወፍራም ፊደል ጽፎ፣ ከላዩ የወርቅ ወይም የሸማ መልክ ያለው ወረቀት አንጥፎ ክሊፕ ማድረግ ነው። ኪቱ ያልሰጠውን ፊደል በራስ እጅ መሥራት ይህ ነው። ለዚህ ቀጭን ፊደል አይሆንም፤ ወረቀቱ የሚታይበት ሆድ የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ደረጃዎች ስላሉት ይመቻል።

የሚሠራበት ፕሮግራም የግድ ፎቶሾፕ መሆን የለበትም። ፎቶፒያ በብሮውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፤ ፒኤስዲ የሚባለውን ሌየሮች የያዘ የፎቶሾፕ ፋይል ከነሌየሩ ይከፍታል፤ አልት ቁልፉም እንደ ፎቶሾፕ ነው። አይፓድ ያለው በፕሮክሪዬት ፒኤስዲውን አስገብቶ ሌየሩን ነክቶ ክሊፒንግ ማስክ የሚለውን ይመርጣል። ጊምፕም ነፃ ነው፤ ፒኤስዲም ያነባል፤ ነገር ግን መንገዱ ይለያል። የግራጫውን ቅርጽ ክልል መርጦ (ሴሌክት አድርጎ) ለፎቶው ማስክ ማበጀት ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ቀን ፎቶፒያ ይሻላል ባይ ነኝ።

በቴምፕሌት መሥራት «የሰው ፈጠራ መቅዳት ነው» የሚሉ አሉ። የቅኔ ተማሪም በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው፤ ልኩን ሳያውቅ ረጅሙን መወድስ አይሞክርም። ደግሞም ባለ ሌየር ቴምፕሌት እንዳለ እንዲቆይ ማንም አያስገድድም። ገጹን በሙሉ 90 ዲግሪ ማዞር ወይም እንደ መስታወት መገልበጥ ሌላ አቀማመጥ ይሰጣል። ሁለት የፎቶ ቦታዎችን በአንድ ፎቶ መሸፈን፣ የማይፈለገውን ጌጥ የዓይን ምልክቱን ነክቶ መደበቅ ይቻላል። መደበቅ ከመሰረዝ ይሻላል፤ ሐሳብ ሲቀየር ይመለሳል።

ቴምፕሌት ነፃ ቢሆንም ባለቤት አለው። ከፋይሉ ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም ውል ብዙውን ጊዜ ለግል አልበም ይፈቅዳል፤ ፋይሉን ራሱን ለጓደኛ ማስተላለፍን ይከለክላል። ለደንበኛ በክፍያ አልበም የሚሠራ ሰው ይህ መፈቀዱን ለይቶ ማንበብ አለበት፤ አንዳንዶቹ ለዚህ የተለየ ፈቃድ ይሸጣሉ።

ሥራ ሲጀመር ቴምፕሌቱ በሌላ ስም ሴቭ ይደረጋል፤ ዋናው ባዶውን ለሚቀጥለው ገጽ ይቀመጣል። ገጹ ሲያልቅም ሁለት ቅጂ ያስፈልጋል። ለማተሚያ ቤትና ለመላክ ጄፔጉ ይሆናል፤ ሌየሮቹ በእሱ ውስጥ ይዋሃዳሉ። ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ስለሚከረክም ጽሑፍና ፊት ከዳር ቢያንስ 1 ሳንቲሜትር ገባ ማለት አለባቸው። ሌየሮቹን የያዘው ፒኤስዲ ግን አይጣልም። ገጹ ለዘመድ ከተላከ በኋላ አክስት ደውለው «በግራ የቆመው እኮ ታናሹ ነው፤ ስሙን አሳስተሻል» ሲሉ የሚከፈተው እሱ ነው።