የትንሽ ቢሮ ኔትወርክ፦ ከራውተሩ እስከ ደብተሩ

«ኔትወርክ የለም» ስንል እኛ አገር ቢያንስ ሦስት ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። ስልኩ ሲግናል የለውም፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ መገናኘት አቅቷቸዋል። የትንሽ ቢሮ ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ጠዋት ስልክ ሲደወልለት የመጀመሪያ ሥራው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው። ኢንተርኔት ጠፍቶ ፕሪንተሩ የሚያትም ከሆነ የውስጡ መስመር ደህና ነው፣ ችግሩ ከውጭ ነው። ይህን ሳያጣሩ ራውተሩን ከማጥፋትና ከማብራት አልፎ «ሪሴት» ማድረግ፣ የነበረውን ቅንብር አጥፍቶ ትንሹን ችግር ትልቅ ያደርገዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ሦስት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ አስመጪ ወይም የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አስቡ። ስምንት ወይም አሥር ኮምፒውተር አለ። አንድ ሁሉም የሚጋራው ፕሪንተር፣ በሩ ላይ የጣት አሻራ ማሽን፣ ጥቂት ካሜራ፣ ከዚያ ደግሞ የሁሉም ሠራተኛ ስልክ። ቋሚ የአይቲ ሠራተኛ የለም። ወይ ከሠራተኞቹ መካከል «ኮምፒውተር ይችላል» የተባለው ሰው ከመደበኛ ሥራው ጋር ይይዘዋል፣ ወይ ሲበላሽ በስልክ የሚጠራ ልጅ አለ። ሁለቱም መንገድ ይሠራል። አደጋው ሁሉም እውቀት አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሲቀር ነው። አንድ ጊዜ የተጠራሁበት ቢሮ የራውተሩን ፓስወርድ የሚያውቀው ልጅ አገር ለቅቆ ሄዷል፣ የካሜራውንም እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉንም ከዜሮ ጀምረን ስንሠራ ሁለት ቀን ፈጀ፣ የካሜራው የቆየ ቀረጻም ጠፋ።

ወደ ዕቃው እንግባ። ኢንተርኔቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር ነው። ድርጅቱ የሚሰጠው ሳጥን፣ ማለትም ራውተሩ፣ ፋይበሩን ይቀበላል፣ ዋይፋይ ያሰራጫል፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተርም አድራሻ ያድላል። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ሳፋሪኮምም ሥራ ስለጀመረ የአንዱን ፋይበር ይዞ የሌላውን ሲም በፎርጂ ራውተር ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ ተችሏል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደንበኛ የሚያጣ ቢሮ ይህን ቢያደርግ ጥሩ ነው። ግን ሁለት መስመርም የማያድንበት ጊዜ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሳምንታት ቆይቷል። ያኔ ፋይሉ እዚያው ቢሮ ውስጥ የነበረ ሰው ሥራውን ቀጠለ፣ ሁሉን ነገር ኢሜይል ላይ ያስቀመጠ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

የውስጥ አድራሻ ማለት 192.168.1.10 ዓይነቱ ቁጥር ነው። ራውተሩ በራሱ ያድላል፣ ይህን ዲኤችሲፒ ይሉታል። ለፕሪንተሩና ፋይል ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር ግን የማይቀየር አድራሻ መስጠት ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁጥሩ ተቀይሮ «ፕሪንተሩ ጠፋ» ይባላል። የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ ምንም አልተቀበለም ማለት ነው፣ ስለዚህ ገመዱን እዩ። ሌላው ብዙ ሰው የሚያደክመው ነገር ደግሞ አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ ደከመብኝ ብሎ ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ስዊቹ (የቢሮውን ገመዶች የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ሲሰካ ነው። አሁን አድራሻ የሚያድሉ ሁለት ሆኑ። ግማሹ ቢሮ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ግማሹ ያጣል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ርካሹ ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ነጭ ከሆነ አትግዙት፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ርቀት ሲጨምርም ይደክማል። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ለትንሽ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፉት። ጫፉ ሲታሰር የቀለሙ ቅደም ተከተል በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር በገመድ ይገናኝ፣ ዋይፋዩ ለላፕቶፕና ለስልክ ይቅር።

ዋይፋይ ሕንፃ ውስጥ የሚደክመው በአብዛኛው በጎረቤት ብዛት ነው። ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው የሬዲዮ ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። በየፎቁ አሥር ራውተር ሲኖር ሁሉም በእነዚህ ይሻማል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ነው፣ ፈጣንም ነው፣ ግድግዳ ግን በደንብ አያልፍም። ለእንግዳ የተለየ ስምና ፓስወርድ ክፈቱ። ለደንበኛ የተሰጠ ፓስወርድ የሒሳብ ፋይል ወዳለበት መስመር ማስገባት የለበትም። ደብሊውፒኤስ የሚባለው፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ ቁልፍ ተጭኖ ወይም በአጭር ቁጥር ማገናኛም ይዘጋ፣ ቁጥሩ በቀላሉ እንደሚሰበር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። የራውተሩና የካሜራው የመግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ አይቆይ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራና ራውተር የያዘው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም፣ ያልተቀየሩ የፋብሪካ ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው።

መብራት የኛ ቢሮዎች ትልቁ ፈተና ነው። ሲሄድ ከሚያደርሰው ጉዳት ሲመለስ የሚያደርሰው ይብሳል፣ በክረምት መብረቁም አለ። ራውተሩና ስዊቹ ትንሽ ኃይል ስለሚፈልጉ አንድ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ለረጅም ሰዓት ይይዛቸዋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። የሞተ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ደግሞ ማካፈያ ብቻ ነው፣ ዩፒኤሱ ላይ ያለችው መብራት ስትበራ አይታችሁ አትመኑት።

አሁን ወደ ልቡ መጣን፣ ወደ ፋይሉ። ብዙ ቢሮ ሒሳቡን የሚሠራው በፒችትሪ ነው፣ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት ቢቆጠሩም እኛ ፒችትሪ ማለቱን አልተውንም። ዳታው አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል። ይህን ኮምፒውተር «ሰርቨር» እንለዋለን፣ ግን በአብዛኛው የአንዷ ገንዘብ ያዥ ተራ ዴስክቶፕ ነው። እሷ ምሳ ስትወጣ ኮምፒውተሩ እንቅልፍ ከገባ የሁሉም ፒችትሪ ይቆማል። ስለዚህ ያ ማሽን ከማንም ጠረጴዛ ይነሳ፣ የራሱ ዩፒኤስ ይኑረው፣ እንዳይተኛ ይስተካከል፣ በገመድ ብቻ ይገናኝ። የመጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ሲወሰድ ደግሞ ሁሉም ሰው ፒችትሪውን መዝጋት አለበት፣ ስለዚህ ሰዓቱ ይወሰን፣ ማታ ከመውጫ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ቅጂውን በተመለከተ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ የሚል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ውጫዊ ዲስክ ብቻውን አያድንም፣ ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆልፈዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው እንዲህ ያለ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ የተጠቀመበትን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍነው ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ እድሳቱን ዘግቶ ለሚሠራ ቢሮ ይህ ዛሬም ያው ነው። ዊንዶውስ 10ም ነፃ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ 11ን አይቀበሉም። የሚተኩትን አሁን ለይቶ በጀት ውስጥ ማስገባት ነው። ቅጂው እንደሚሠራ በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል መልሳችሁ ክፈቱ፣ በተለይ ሰኔ 30 ሒሳብ ከመዘጋቱ በፊት።

ፋይል በቴሌግራም መላላክ ቀላል ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ውሉና ደረሰኙ የሚቀረው በሠራተኛው የግል ስልክ ላይ ነው፣ ሰውየው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል። የድርጅቱ ኢሜይል በአንድ ሰው የግል ስልክ ቁጥር ሲከፈትም እንደዚያው ነው። የደንበኞች መታወቂያና ስልክ ቁጥር የሚይዝ ቢሮ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ እንደሚመለከተው ማወቅ አለበት። ሠራተኛ በለቀቀ ዕለት መግቢያው ይዘጋ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድም ይቀየር።

ይህ ሁሉ የሚያዝበት አንድ ደብተር ይኑር። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ስም፣ የተገዛበት ዓመት፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ የፕሪንተሩ አድራሻ፣ የኢንተርኔቱ የአገልግሎት ቁጥርና ሲቋረጥ የሚደወልበት ስልክ ይጻፍበት። የመግቢያ ፓስወርዶች ግን በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጡ፣ ሥራ አስኪያጁና አንድ ሌላ ሰው ይወቁት። ገመዶቹ ሁለቱም ጫፍ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ ቁጥሩም ደብተሩ ላይ ይግባ። ቁጥር አራት የገንዘብ ያዥ፣ ቁጥር አምስት የፕሪንተሩ፣ ቁጥር ስድስት የካሜራው። የዩፒኤሱ ባትሪ የተቀየረበት ቀንም እዚያው ገጽ ላይ፣ ከታች።