ሄሞሳይት ምንድን ነው?

ክላምና ኦይስተር (ሁለቱም ባለ ሁለት ክፍል ዛጎል የውሃ እንስሳት ናቸው) እንዲሁም ቀንድ አውጣ ሞለስክ ከሚባሉት እንስሳት ወገን ናቸው። አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ጀርም ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ አይሠሩም። ሰው አንዴ ኩፍኝ ከያዘው ሰውነቱ ቫይረሱን አይረሳውም፤ እነሱ ግን ለዚህ የሚሆኑ ሕዋሳት የሏቸውም። በዚያ ላይ ክላም የሚበላውም የሚተነፍሰውም ውሃ ወደ ውስጡ እየሳበ ነው። ውሃው የያዘው ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ታዲያ ይህ ሁሉ እየገባ እንዴት በሕይወት ይኖራል?

በአብዛኛው በሄሞሳይት ነው። ሄሞሳይት በሞለስኮች ደም ውስጥ የሚዘዋወር ሕዋስ ነው። «ደም» ሲባል ቀይ ነገር እንዳታስቡ። የአብዛኞቹ ክላሞች ደም ቀለም የለውም፤ ስሙም ሄሞሊምፍ ነው። ከደም ስር ወጥቶ በሥጋው መካከል ባሉ ክፍተቶች ስለሚያልፍ ሄሞሳይቱ የትም ይደርሳል።

ባክቴሪያ ሲገባ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ገጹ ላይ ያሉትን ስኳሮች ይይዛሉ። ሄሞሳይቱም ከቦ ይውጠዋል፤ ከዚያ በኢንዛይም ይፈጨዋል። ይህ ፋጎሳይቶሲስ ነው። ነገሩን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው የእንስሳት ተመራማሪው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 መሲና፣ ጣሊያን ውስጥ የኮከብ ዓሣ እጭን በእሾህ ወጋ፤ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡትም አየ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር ኖቤል ተሸለመ።

የገባው ጥገኛ ተውሳክ ለመዋጥ ከገዘፈ ሄሞሳይቶች ተሰብስበው ይሸፍኑታል። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን እጭ የሚገድለው እንዲህ ነው፤ ሲሳካለት ማለት ነው። ብዙዎች ሉልም እንዲሁ በሄሞሳይት ሽፋን የሚሠራ ይመስላቸዋል። እሱን የሚሠራው ግን ዛጎሉን የሚያመነጨው የሥጋ ሽፋን ነው።

ብግነት ሲባል ወደ እኛ አእምሮ የሚመጣው መቅላት፣ ማበጥና መጋል ነው። ክላም አይቀላም፣ ትኩሳትም የለውም። ባለሙያ «ይህ ክላም ብግነት አለው» የሚለው ሥጋውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ሄሞሳይቶች አንድ ቦታ ታጭቀው ሲያገኝ ነው። ቁስል ላይም ደሙ እንደኛ አይረጋም። ሄሞሳይቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ምግብ መፍጨትና ማድረስ፣ የተሰበረ ዛጎል መጠገንም አለ። ምስኪኑ ሕዋስ፣ ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ነው!

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ እሱን ያታለለ ሁሉን አገኘ። የአሜሪካን ምሥራቃዊ ጠረፍ ኦይስተሮች የሚገድለው ፐርኪንሰስ ማሪነስ የተባለ ጥገኛ ይዋጣል፣ ግን አይሞትም። ሄሞሳይቱ ውስጥ ሆኖ ይራባል። ሄሞሳይቱ ደግሞ የሚዞር ሕዋስ ነውና በገዛ እጁ መላ ሰውነቱን ያዳርሰዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። በዚያው ጠረፍ የሚኖሩ ለስላሳ ዛጎል ያላቸው ክላሞች የደም ካንሰር የሚመስል በሽታ ይይዛቸዋል። ደማቸው በተበላሹ ሕዋሳት ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት የታመሙትን ክላሞች ዘረመል ሲመረምር ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የካንሰር ሕዋሳቱ ከተሸከማቸው ክላም ጋር አይገጥሙም፤ እርስ በርሳቸው ግን ይመሳሰላሉ። ምንጫቸው አንድ ክላም ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ሕዋሱ ራሱ ነበር።