የትምህርት ቤት ምገባና የሴት ልጅ ድርሻ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የተማሪዎች ምገባ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ፣ ጦርነት በጎዳቸው አካባቢዎች ተጀመረ። ለረጅም ዓመታት የሚቀርበው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የሚዘጋጀው የፋሚክስ ገንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከአካባቢው ገበሬ እህል እየገዛ የሚመግብ ስልት ታከለበት። አዲስ አበባ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ በከተማ በጀት ማብላት ጀመረች።

ምግቡ ለሁሉም እኩል ቢቀርብም ልጆቹ የሚመጡበት ቤት እኩል አይደለም። በብዙ ቤት አባወራውና እንግዳው ቀድመው ይበላሉ፤ እናት የተረፈውን ትቀምሳለች። ከዚህ ተነሥቶ በመቀንጨር፣ ማለትም ቁመት ከዕድሜ በታች ሆኖ በመቅረት፣ የበለጠ የሚጎዱት ሴት ሕፃናት ናቸው ብሎ መገመት ይቀላል፤ ቁጥሩ ግን ሌላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ወንዶች 41 በመቶ፣ ከሴቶች 35 በመቶ የቀነጨሩ ነበሩ። ሚዛኑ የሚገለበጠው ዘግየት ብሎ ነው። በጅማ አካባቢ በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ምግብ ባጠረበት ቤት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይራባሉ። በ2016ቱ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል የደም ማነስ የታየባቸው ሴቶች 24 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 15 በመቶ ነበሩ።

«ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚለው ተረት የሥራ ክፍፍልም ነው። ወንዱን ከክፍል የሚያስቀረው ከብት ጥበቃ ሲሆን ሴቷን ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ታናናሾቿን መጠበቅ ነው። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ሳታቋርጥ ለተማረች ልጅ ወደ ቤት የሚወሰድ የምግብ ዘይት ይሰጥ የነበረው ለዚህ ነው፤ ዘይቱ ቤተሰቡ ለሚያጣው ጉልበቷ ካሳ ነበር። ብልህ ዘዴ ነው፤ ወንድሟ ለምን ውኃ እንደማይቀዳ ግን አይጠይቅም።

ለቁመት ግን የትምህርት ቤት ምሳ ይዘገያል። መቀንጨር በአብዛኛው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይከሰታል፤ መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ያተኮረው ለዚህ ነው። ምሳው የሚያግዘው በዋናነት ክፍል ውስጥ ለመቆየትና ለመከታተል ነው። ሴት ልጅ በትምህርት ገበታ በቆየች ቁጥር ጋብቻና እርግዝናም ይዘገያሉ፤ ገና አድጋ ያልጨረሰች እናት ደግሞ ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው።

የማብሰሉ ሥራ ራሱ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ እናቶች በደመወዝ ያበስላሉ። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ግን እንጨትና ውኃ የኅብረተሰቡ መዋጮ ተደርገው ይቆጠራሉ፤ መዋጮውን ተሸክመው የሚመጡት ባብዛኛው እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው።