የአንጀት ባክቴሪያ ምርምር፦ ከማላዊ መንትዮች እስከ ሐዋሳ ገበታ

በትልቁ አንጀታችን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው የትየለሌ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት በአንድ ሰው ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ እንዳለ ገምቷል። የራሳችን ሴሎች 30 ትሪሊዮን ገደማ ናቸው። ሁሉም ተሰብስበው ቢመዘኑ ግን ሩብ ኪሎ አይሞሉም። ዋና ሥራቸው እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር (ፋይበር) ማብላላት ነው። ከዚያ የሚወጣው ቡቲሬት የተባለው አሲድ የአንጀታችን ግድግዳ ሴሎች ቀለብ ነው።

በዘርፉ ስማቸው ጎልቶ ከሚጠራው አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ ጎርደን ናቸው። የሚሠሩት ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋና መሣሪያቸው ጀርም አልባ አይጥ ነው። አይጧ ዕድሜዋን የምትገፋው በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። አየሩ የተጣራ፣ ምግቧም ጀርም የተገደለበት ነው። አንጀቷ ተከራይ ያልገባበት ቤት ስለሆነ፣ የሌላ ባክቴሪያ ሲገባባት ምን እንደሚለወጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ2004 ቡድናቸው ለእንዲህ ያሉ አይጦች የጤነኛ አይጥ ባክቴሪያ ሰጠ። በሁለት ሳምንት የሰውነት ስባቸው በ60 በመቶ ጨመረ። የበሉት ደግሞ ከበፊቱ ያነሰ ነበር!

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የማላዊው ሥራቸው ነው። 317 ጥንድ መንትዮች እስከ 3 ዓመታቸው ክትትል ተደረገላቸው። አንድ ቤት፣ አንድ እናት፣ አንድ ማዕድ። ሆኖም በብዙ ጥንዶች አንዱ በምግብ እጥረት ሲጎዳ ሌላው ደህና ነበር። ተመራማሪዎቹ ክዋሺዮርኮር (ሰውነትን የሚያሳብጥ ከባድ የምግብ እጥረት) ከያዘው ልጅና ከደህናው መንትያው ሰገራ ወስደው ጀርም አልባ አይጦች ውስጥ አስገቡ። አይጦቹ የማላዊን ምግብ ሲበሉ፣ የታመመው ልጅ ባክቴሪያ የገባባቸው ክፉኛ ከሱ። በ2013 የታተመው ይህ ውጤት ችግሩ ከሳህኑ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ።

ታዲያ ምን ይብሉ? ጎርደን ከባንግላዴሹ ሐኪም ታህሚድ አህመድ ጋር ሆነው ዳካ ውስጥ ሞከሩት። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ወር የሆነ 123 የተጎዱ ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን አልሚ ምግብ፣ ግማሾቹ ለባክቴሪያዎቹ ታስቦ የተቀመመውን ለ3 ወር ወሰዱ። አዲሱ ካሎሪው አነስ ያለ ነበር። በ2021 በወጣው ውጤት ግን ክብደት በመጨመር የተሻሉት እሱን የበሉት ናቸው።

የተቀመመው ከምን መሰላችሁ? ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከኦቾሎኒና ከአረንጓዴ ሙዝ። አንዳቸውም ለሐዋሳ ገበያ እንግዳ አይደሉም። መቀንጨር ደግሞ በሲዳማም ሆነ በአገሪቱ ገና ያልተራገፈ ጣጣ ነው። ይሁንና ቅመማው የተመረጠው የዳካ ሕፃናትን አንጀት አይቶ ነው። ቤት ውስጥ ቀላቅሎ ለታመመ ልጅ መስጠት የጤና ተቋሙን ሕክምና አይተካም።

ሐዋሳ ላይ የአንጀት ባክቴሪያ ሲነሳ ወሬው ወደ ቆጮ ማምራቱ አይቀርም፤ በሲዳምኛ ዋሳ ነው። እንሰቱ ተፍቆ፣ ሥሩ ተከትክቶ በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። እዚያ ሳምንታት፣ ከፈለገም ወራት ይቆያል። ሊውኮኖስቶክና ላክቶባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል። ከዚህ ተነስቶ «ቆጮ ራሱ ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ምግብ) ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አይዋጥልኝም። ምጣዱ ላይ ሲወጣ እነዚያ ባክቴሪያዎች ያልቃሉ። አንጀት የሚደርሰው ስታርችና አሰሩ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፣ እዚያ ላሉት ቀለብ ነውና።

ለፍቼ ጨምበላላ የሚቀርበው ቡርሳሜም በቅቤ የተለወሰ ያው የበሰለ ዋሳ ነው። ሕያው ባክቴሪያ የፈለገ አጠገቡ ያለውን እርጎ ይጠጣ። ወተቱ ሳይፈላ የረጋ ከሆነ ግን ብሩሴላ የተባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያም አብሮ ሊመጣ ይችላል።