ዝቋላ አቦ፦ አቡዬን በእግር መሳለም

አዲስ አበባ ሰማዩ ሲጠራ፣ በተለይ ክረምቱ እንደወጣ፣ ወደ ደቡብ አሻግራችሁ ብታዩ አንድ ብቻውን የቆመ ተራራ ይታያችኋል። ጎረቤት የለውም። በጤፉ ስሙ ከሚነሳው ከአዳአ ሜዳ ላይ እንደ ተደፋ ቁና ጉብ ብሏል። ዝቋላ ነው፤ በኦሮምኛ ጭቋላ። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውሮፓውያንም ስሙን የሰሙት ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1460 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ሰፍሯል።

ከፍታው 2,989 ሜትር ነው። ቁጥሩ ብቻ ከታየ ከእንጦጦ ያንሳል። ታዲያ ምኑ ነው ሰውን የሚፈትነው? እንጦጦ ከከተማው ቀስ እያለ ይነሳል፣ ዝቋላ ግን ማባበል አያውቅም። ከግርጌው ካለችው ወምበር ማርያም ተነስቶ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ላይ ነው። ጎበዝ እግረኛ በሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። አዛውንት፣ ሕፃን ያዘለች እናትና ስለት ያለበት ደካማ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ ጀምሬ ከአዛውንቶቹ ጋር ነው የደረስኩት።

ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ላይ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሐይቅ። ሐይቁ ከታች ፈጽሞ አይታይም። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያንም ያለው እዚያው አናቱ ላይ፣ ጥድና አስታ በሞላበት ጫካ መሐል ነው።

ገዳሙ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። በሕዝቡ አፍ አቦ፣ ሲያቆላምጧቸው አቡዬ። ገድላቸው እንደሚለው የተወለዱት በግብፅ፣ ንሂሳ በሚባል አገር ነው፤ አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። ዕድሜያቸው 562 ዓመት ነው፤ 300ው በግብፅ፣ 262ቱ በኢትዮጵያ። ምግብ አልቀመሱም፣ ልብስ አልለበሱም፤ ገላቸውን የሸፈነው ጠጉራቸው ነው። ሥዕላቸውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆመዋል፣ በግራ በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸዋል፣ የተጠማች ወፍ ደግሞ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። የአናቱን ሐይቅ ለመንገደኛው ትልቅ ያደረገው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አቡዬ ለኢትዮጵያ ምሕረት ሲለምኑ እዚያ ውሃ ውስጥ ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ጸልየዋል ይላል ገድሉ። ለዚህ ነው ሐይቁ ጠበል የሆነው።

ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የአቦ ነው፤ በየሰፈሩ ዝክሩ ይዘከራል። ወደ ተራራው ሕዝብ የሚጎርፈው ግን በዓመት ሁለቴ ነው፣ መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5። ጻድቁ ያረፉት መጋቢት 5 ነው። ችግሩ ቀኑ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ መውደቁ ነው፤ ጾሙ ቢዘገይ ቢዘገይ የሚገባው በዚያው በመጋቢት 5 ነውና። ስለዚህ በዓሉ በፍስክ እንዲከበር ጥቅምት 5 ተጨመረ።

ለእግረኛ ሁለቱ ወራት ሁለት የተለያዩ ተራሮች ናቸው። በጥቅምት ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ጤፉ ገና አልታጨደም፣ አየሩም ቀዝቀዝ ይላል። በመጋቢት አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምእመኑ ጾመኛ ስለሆነ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ እንኳ አይቀምስም። «መጋቢትን የወጣ ነው የወጣ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉራ ናት፤ ግን እውነትም አላት።

ወደ ላይ የሚወጣ የመኪና ጥርጊያ መንገድ አለ። ለበዓል አይሱዙዎች ሰው ጭነው እያቃሰቱ ይወጡበታል። ቢሆንም በእግሩ የሚወጣው ብዙ ነው። ስለት የተሳለ ሰው በመኪና ወጥቶ «ስለቴን አደረስኩ» ማለት ይከብደዋል። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ የምትወጣ ሴት አየሁ። ድንጋይ በትከሻው የተሸከመም አለ። ሌላው ጧፍ ይዟል፣ ሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ጃንጥላ። በመንገዱ ዳርና ዳር የኔ ቢጤዎች ተደርድረው «ስለ አቡዬ!» ይላሉ። ሳንቲም ዘርዝሮ ያልመጣ ሰው እዚህ ጋ ይሳቀቃል።

ስንቅ በሶና ቆሎ ነው። ዱላ መያዝ አይከፋም። ቢረሱትም የሰፈሩ ልጆች ከታች ይሸጣሉ።

የተራራው ክፋት የት ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመጨረሻዎቹ ጥማዝማዞች በፊት ዛፉ ሳሳ ይልና ሰማይ ይታያል። ደረስን ብላችሁ ትተነፍሳላችሁ። ስትጠጉ ሌላ ዳገት። እሱን ስትጨርሱ ደግሞ ሌላ። ከፊቴ የነበሩት ባልቴት ይህን ያውቁ ኖሯል፤ ቀና ብለው አያዩም፣ የሚያዩት ዱላቸው የሚያርፍበትን ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ ሲደረስ ሐይቁ ከታች ድንገት ብቅ ይላል፣ ጸጥ ብሎ። ወደ ኋላ ዞር ያለ ሰው ደግሞ የመጣበትን ሜዳ እግሩ ሥር ተዘርግቶ ያገኘዋል።

ላይ የደረሰ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ይሳለማል፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ጠበሉን በሃይላንድና በጀሪካን ይቀዳል። በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ መሐል የመሹለክ ልማድም አለ። ኃጢአት የሌለበት ያልፋል ይባላል፣ ቦርጫሞች ግን ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም ባይ ናቸው። ለአዳር የመጣ ሰው ጋቢ ካልያዘ ወዮለት! ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል።

ተራራው የኦርቶዶክሱ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ላለው ኦሮሞ ሐይቁ ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነው፤ የዋቄፈና ተከታዮችም ለምስጋና ይወጣሉ። በአንድ ዳገት ላይ የግዕዝ መዝሙርና የኦሮምኛ ምርቃት እየተደባለቀ ይሰማል።

ጫካው በእሳት ተፈትኗል። መጋቢት 2004 ዓ.ም. ሰደድ እሳት ሲነሳ ከአዲስ አበባና ከቢሾፍቱ ወጣቶች ወጥተው በቅጠልና በአፈር ሲያጠፉ ነበር። ከዚያ የከፋው በየካቲት 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ከገዳሙ አባቶች አራቱ በታጣቂዎች ተገደሉ። ስለዚህ አሁን ለመሄድ ያሰበ ሰው መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድሞ ይጠይቅ።

መውረዱ ቀላል ይመስላል። አይደለም፤ ሲወጣ ሳንባ፣ ሲወርድ ጉልበት ነው የሚያልቀው። በጥቅምት ደግሞ ጠጠሩ ይንሸራተታል። ያቺ ጫማዋን በእጇ ይዛ የወጣች ሴት ስትወርድ አገኘኋት። ጫማው በእግሯ ነው፤ በእጇ አምስት ሊትር ጀሪካን ጠበል ይዛለች። ላግዝሽ ብላት «ተወው ወንድሜ፣ ይኼማ የኔ ነው» ብላ አለፈችኝ።